ርስት በሺህ ዓመቱ፣ ቆርቆሮው በአሥር ዓመቱ

ቤታችንን ሊገዛ የመጣው ሰውዬ መጀመሪያ ያየው የኛን ቤት አልነበረም። ደላላው በሩን አስከፍቶ አስገባው፤ እናቴን ሰላም አላት፤ ከዚያ ግቢው መሀል ቆሞ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ግቢ ማየት ጀመረ። አባቴ የተከላቸውን የብርቱካን ዛፎች፣ ባለፈው ዓመት ያሳደስነውን በረንዳ፣ እኔ በጠዋት ተነስቼ የጠረግኩትን ግቢ ዞር ብሎ አላያቸውም።

"ይሄ የማን ነው?" አለ።

"የሰው ነው" አለች እናቴ።

"ሰውዬውስ የት አለ?"

እናቴ መልስ አልሰጠችውም። ማታ ላይ ደላላው ደወለልኝ። "ወንድሜ፣ ቤታችሁ አሪፍ ነው፤ ሰውዬው ወዶታል። ግን ያ ጎናችሁ ያለው ነገር አለ አይደል? ሩቡን ቀንሱለት" አለኝ።

ሩቡን! እኛ ምንም ሳናጠፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን ሐይቅ ከተማ ነው ያለው፤ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ። አባቴ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። እኔ አዲስ አበባ ሶፍትዌር እየሠራሁ ነው የምኖረው፤ በዓመት ሁለቴ ብሄድ ነው። እናቴ ዓይኗ እየደከመ ስለመጣ ደሴ ያለችው እህቴ አጠገብ መኖር ትፈልጋለች። ስሌታችን ቀላል ነበር፦ የሐይቁን ሸጠን ደሴ ትንሽ ቤት መግዛት። ሩቡ ሲነሳለት ስሌቱ አይሠራም። በቃ፣ እናቴ እዚያው ትቀራለች ማለት ነው።

የጎረቤት ቤቱን ልንገራችሁ። ሰው ከኖረበት አሥር ዓመት አልፎታል። ጭቃ ቤት ነው፤ ሰው ካለበት በየዓመቱ ይመረጋል፣ ይለሰናል፣ አርባ ሃምሳ ዓመትም ይቆማል። ሰው ከሌለበት የሚሞትበት መንገድ የታወቀ ነው። መጀመሪያ የቆርቆሮው ምስማር ይዝጋል። ከዚያ ነፋስ አንዱን ቆርቆሮ ብድግ ያደርገዋል። ክረምት ሲገባ ውኃው በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ግድግዳው አናት ላይ ይወርዳል፤ ምርጊቱ እየራሰ ይረግፋል፤ ማገሩ ይታያል፤ ቋሚውን ምስጥ ይበላዋል። የዚህ ቤት አሸንዳ ደግሞ ወደኛ በኩል ተሰብሮ፣ የማድ ቤታችንን ግድግዳ ከሥር እያራሰ ነው። ግቢው አረም ውጦታል። የሠፈሩ ሰው ቆሻሻ ይጥልበታል። እናቴ ሌሊት ጅብ ሲገባበት እሰማለሁ ትላለች። በዚያ ላይ ግድግዳው ወደኛ ያዘነበለ ነው።

እኔ ሰነፍ ሰው ነበር የምፈልገው። አንድ ግዴለሽ ባለቤት አግኝቼ፣ ስልኩን ተቀብዬ፣ የልቤን ልነግረው። ፍለጋው ግን ወደ አንድ ሰው ሳይሆን ወደ ታሪክ መራኝ፤ የዛሬው ጽሑፍም ስለዚያ ነው።

የዋጋ ነገር

መጀመሪያ ግራ የሚያጋባ ነገር ላንሳ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ በሕጉ ቋንቋ እኛ መሸጥ የምንችለው ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ በርና መስኮቱን ነው። እነሱ ደግሞ ጎረቤት ኖረም አልኖረም ያው ናቸው። የኛ ግድግዳ ማዶ ያለው ግቢ አረም ስላበቀለ ጡቡ አይቀንስም።

ግን ማንም ሰው ቤት ሲገዛ ለጡብ ብቻ አይከፍልም። ለአስፓልት ቅርበት፣ ለውኃ መስመር፣ ለሰላም እንቅልፍ፣ ለጎረቤት ይከፍላል። "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" ስንል ኖረናል፤ ገበያውም ይህንኑ ነው የሚለው፣ በብር። ጥሩ ጎረቤት ዋጋ ካለው የሌለ ጎረቤትም ዋጋ አለው፤ ከዜሮ በታች የሆነ።

ዘጠኝ ወራሽ

"እማ፣ የቤቱ ባለቤት ማነው በትክክል?" አልኳት በማግስቱ።

"እትዬ ናታ፤ ነፍሷን ይማርና።"

"እትዬማ ሞታለች። አሁን የማን ነው?"

እናቴ በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። ትልቁ ልጅ መተከል ነው። ቀጥሎ ያለው በደርግ ጊዜ ውትድርና ሄዶ ቀረ፤ ሦስት ልጆቹ አዲስ አበባ ናቸው። ሦስተኛዋ ኮምቦልቻ ተድራለች። አራተኛው መርሳ ሱቅ አለው። አምስተኛዋ ጅዳ ናት። ስድስተኛው አሜሪካ። የመጨረሻዋ አዲስ አበባ። ሰባት ልጆች፤ የሞተው በሦስት ልጆቹ ሲተካ ዘጠኝ ወራሽ።

"ታዲያ ከዘጠኙ አንዱ ለምን አይጠግነውም?"

"ሆዴ፣ አንዱ ቢጠግነው ሌሎቹ ሊወስደው ነው ይላሉ" አለችኝ።

ይህቺን ዓረፍተ ነገር አዲስ አበባ እስክመለስ ድረስ ሳመነዥካት ነበር። ምክንያቱም ሰነፍ የለም ማለት ነው። ዘጠኙም ቤቱን የሚነካው ሰው እንደሚጠረጠር ስለሚያውቁ እጃቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል። እኔ በሙያዬ የማውቀው ነገር ነው፦ ሁሉም ቡድን የሚጠቀምበት፣ ማንም ግን "የኔ ነው" የማይለው የቆየ ኮድ አለ። የሚነካው ሰው ለሚመጣው ጥፋት ሁሉ ተጠያቂ ስለሚሆን ማንም አይነካውም። እስኪፈርስ ይጠበቃል።

መብት የሚተኛበት አገር

"ርስት በሺህ ዓመቱ፣ ለባለቤቱ።" ይህን ተረት ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ስለ ፍትሕ ስናወራ ነው፤ የተነጠቀ ነገር አንድ ቀን ይመለሳል ለማለት። መነሻው ግን ቃል በቃል ስለ መሬት ነው።

በአማራው አገር የርስት ሥርዓት መብቱ የሚመጣው ከትውልድ ነው። መጀመሪያ መሬቱን ካቀናው አባት እወለዳለሁ ያለ ሰው፣ በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቆጥሮ ድርሻ መጠየቅ ይችላል። ሴትም ወንድም ይወርሳል። አለን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ጎጃም ዳሞት ውስጥ ኖሮ ያጠናውን በ1973 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትሟል፤ ዋናው ትዝብቱ እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው በዘር ቆጠራ ሊጠይቅ የሚችለው ርስት በእጁ ካለው በጣም ይበልጣል። መብት ያለው ብዙ ነው፤ መሬቱን ይዞ የሚያርሰው ግን እዚያው ያለው፣ ተሰሚነት ያለው፣ ተከራክሮ የሚረታው ነው። የሄደው ሰው መብቱ አይሞትም። ይተኛል። ልጁ ወይም የልጅ ልጁ መጥቶ ሊቀሰቅሰው ይችላል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። መብቱ ተኝቶ ሳለ መሬቱ አይተኛም። የቀረው ዘመድ ያርሰዋል። እርሻ ጣሪያ የለውም፤ ሃምሳ ዓመት ሌላ ሰው ቢያርሰው ያው እርሻ ነው። ስለዚህ "በሺህ ዓመቱ" የሚለው ተስፋ ለእርሻ ትርጉም ነበረው። የርስት ክርክር ብዙ ጣጣ ነበረበት፤ ጎረቤት ግን የሚታረስ ማሳ እንጂ የሚፈርስ ጣሪያ አያይም ነበር።

ወራሽ ሲበዛ ምን እንደሚደረግ የኛ አገር ሰው ድሮም ያስብበት ነበር። የእናቴ ዘመዶች አምባሰል ናቸው፤ ልጅ ሆኜ መስከረም 21 ግሸን ማርያም ሲወጡ ይዘውኝ ሄደው ያውቃሉ። ዛሬ ሰው ለንግሥ የሚወጣበት ያ መስቀልያ አምባ፣ በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ ወራሾች የሚጠበቁበት ቦታ ነበር። የንጉሡ ወንድሞችና የዘመዶቹ ልጆች ዙፋኑን እንዳይሻሙ ተራራው ላይ ይቀመጣሉ፤ ንጉሡ ሲሞት ተተኪው ከዚያው ይወርዳል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦር አምባውን እስኪይዝ ድረስ እንዲህ ቀጠለ። ዙፋን አይከፋፈልም፤ ቤትም እንደዚያው። መሬት በገመድ ይለካል፣ ዘጠኝ ቦታ ይከፈላል። ባለ ሦስት ክፍል ጭቃ ቤት ለዘጠኝ ሲከፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው አንድ መስኮት ነው።

የ1967 ሁለት አዋጆች

የእትዬ ባል ነጋዴ ነበር። በጃንሆይ ዘመን ሁለት ቤት ሠራ፦ አንዱን ሊኖርበት፣ አንዱን ሊያከራየው። 1967 ዓ.ም. መጣ።

በዚያ ዓመት ሁለት አዋጆች የአገሩን ሁሉ ኑሮ ገለበጡ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ርስት የሚባለው መብት በአንድ ቀን በሕግ ቀረ። ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ይያዝ ተባለ። የተረፈው ተወረሰ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። ቀበሌ የሚባለው ነገር ራሱ የተወለደው በዚሁ አዋጅ ነው። ዝቅተኛ ኪራዮችም ተቀነሱ።

ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ብዙ ድሃ ራሱን የሚያስጠጋበት ጣሪያ ያገኘው በዚያ አዋጅ ነው። ግን የቤቱን ዕድሜም ወሰነ። ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ባለበት ቆመ፤ በጥቂት ብር ወርሃዊ ገቢ ቆርቆሮ አይቀየርም። ተከራዩ ደግሞ የራሱ ያልሆነውን ግድግዳ በገንዘቡ ለማደስ አይደፍርም። አዲስ አበባ ያደጋችሁ የቀበሌ ቤት ስትባሉ ዓይናችሁ ላይ የሚመጣው ያ ያዘመመ ጭቃ ቤት የተፈጠረው በዚህ መንገድ ነው። ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ልደታ ብዙው እንዲሁ አርጅቶ በመጨረሻ በግሬደር ተነሳ።

የእትዬ ሁለተኛ ቤት በዚያ አዋጅ ሄደ። በኋላም ፈረሰ። የመጀመሪያው ቀራት፤ የኛ ጎረቤት የሆነው። ግን አዋጁ ቤተሰቡ ውስጥ አንድ ነገር ጥሎ አለፈ። እናቴ እንደነገረችኝ እትዬ እስክትሞት ድረስ "ከሁለት ቤት አንድ ነው የተረፈኝ፤ ይቺን እንዳትሸጡብኝ" ትል ነበር። ልጆቿ ቃሏን ጠብቀዋል። አልሸጡም። ጣሪያውን ጠብቁልኝ ግን አላለችም።

ሰው የሄደባቸው ዓመታት

የመጀመሪያው ልጅ በእናቱ ወገን አምባሰል ውስጥ ያርስ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲመጣ ወሎ ምን እንደሆነ አልደግምላችሁም። መንግሥት በዚያና በተከታዩ ዓመት 600 ሺህ ገደማ ሰው ከሰሜን አንስቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ፤ ከሁሉም የሚበዛው ከወሎ የሄደ ነው። ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ጋምቤላ፣ መተከል። ጋሼ ፓዊ ደረሰ። እዚያ አገባ፣ ወለደ፣ ቀረ። ሐይቅ ያለው ድርሻው ግን አልሄደም፤ ተኛ።

ቀጥሎ ዓረብ አገር መጣ። ወሎ ውስጥ አንድም ሰው ዓረብ አገር ያልላከ ቤት ማግኘት ከባድ ነው። ጅዳ ያለችው እህት በሄደች በሁለተኛው ዓመት ለእናቷ ጣሪያ የሚሆን ቆርቆሮ መግዣ ላከች፤ ዛሬ ነፋስ የሚያንገዋልለው ያ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ እሷ ተደብቃ ቀረች። እናቷ ስትሞት መምጣት አልቻለችም። በ2014 ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ ደግሞ ግቢው ውስጥ የነበረው የመጨረሻ ዕቃ፣ በር ሳይቀር፣ ጠፋ።

አንድ ሰፈራ፣ አንድ ስደት፣ አንድ ጦርነት። እኔ "የተተወ ቤት" የምለውን ነገር ለዘጠኙ ብትነግሯቸው ይቆጣሉ። አልተዉትም። እያንዳንዳቸው አንድ ቀን የሚመለሱበት ቤት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

መሐንዲስ ስለሆንኩ ሕግ ሳነብ እንደ ማኑዋል ነው የማነበው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ እስከ ዛሬ ይሠራል። አንቀጽ 1225 ባለሀብት በሀብቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን ማወክ ወይም መጉዳት የለበትም ይላል፤ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸት እያለ ይዘረዝራል። አንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል። አንቀጽ 2079 ከዚህ አልፎ ይሄዳል፦ የሰው ሕንፃ ንብረቴን ሊጎዳ ነው ብሎ የሚሰጋ ሰው፣ ገና ሳይወድቅ፣ ባለቤቱ አደጋውን እንዲከላከል መጠየቅ ይችላል።

ይህ የመጨረሻው ሐሳብ በጣም አሮጌ ነው። ሮማውያን ዘንድ የጎረቤቱ ቤት ሊወድቅበት የደረሰ ሰው ወደ ዳኛ ሄዶ "ቢወድቅ ካሣ እንደሚከፍለኝ ከአሁኑ ዋስትና ይስጠኝ" ማለት ይችል ነበር። እምቢ ካለ ዳኛው ከሳሹን ወደ ንብረቱ እንዲገባ ይፈቅድለታል። ሁለት ሺህ ዓመት የኖረ መላ ነው።

ሕግ አለን ማለት ነው። ችግሩ ሕጉ "ባለቤቱ" የሚለው ቃል ላይ ነው። ማንን ልክሰስ? ፓዊ ያለውን? ጅዳ ያለችውን? ዘጠኙን? የወራሽነት ማረጋገጫ ያወጣ የለም፤ ካርታው ላይ ያለው ስም የሞተ ሰው ስም ነው። ውርስ ካልተከፋፈለ የሁሉም የጋራ ነው፤ አንዱ ብቻውን ሊሸጠው አይችልም።

ለመሸጥ ቢስማሙስ? የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ (ቁጥር 721) እዚህ ላይ ይገባል። ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት በውርስ ሲተላለፍ እንደ ነባሩ ይቀጥላል፤ በሽያጭ ሲተላለፍ ግን ገዢው ቦታውን በሊዝ ይይዛል። ገዢም ይህን አስልቶ ዋጋ ይሰብራል። ስለዚህ ሳይሸጡ በውርስ ይዞ መቆየት ሞኝነት አይደለም፤ ስሌት ነው። በሊዝ ቦታ የወሰደ ሰው በጊዜው ካልገነባ ይነጠቃል። የድሮ ቤት ይዞ ዝም ላለ ሰው ግን እንዲህ ዓይነት ሰዓት አይቆጥርበትም።

እኛ ብቻ ነን እንዳትሉ። ጃፓን በ2023 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቆጠራ 9 ሚሊዮን ባዶ ቤት ተገኝቷል፤ ከአገሩ ቤት 13.8 በመቶ። "አኪያ" ይሉታል። ምክንያቱ ግማሽ በግማሽ የኛው ነው፦ ወላጅ ይሞታል፣ ልጆች ከተማ ናቸው፣ ስም የሚያዛውር የለም፣ ሁለት ትውልድ ሲያልፍ ወራሹ ሃያና ሠላሳ ይሆናል። ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ወይም መሬት የወረሰ ሰው መውረሱን ባወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ካላስመዘገበ ቅጣት አለው። ሕጉ "አድስ" ከማለቱ በፊት "ማን ነህ?" ብሎ ነው የጀመረው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል እሱ ይመስለኛል።

የቴሌግራሙ ግሩፕ

ለመክሰስ ያሰብኩትን ትቼ ስልክ መሰብሰብ ጀመርኩ። መርሳ ባለሱቁን አገኘሁ፤ ከሱ የኮምቦልቻዋን፤ ከሷ የጅዳዋን። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። አሜሪካ ያለው ብቻ መልስ አልሰጠም። የቴሌግራም ግሩፕ ከፍቼ የቤቱን ፎቶ ለጠፍኩ። ለሦስት ሰዓት ያህል ማንም አልጻፈም።

መጀመሪያ የመጣው የጅዳዋ የድምፅ መልእክት ነበር። ታለቅሳለች። "እኔ እኮ ቆርቆሮው አለ ብዬ ነው" ትላለች ደጋግማ። አሥር ዓመት ሙሉ ቤቱን በሐሳቧ ያየችው እሷ የላከችው ቆርቆሮ ለብሶ ነው። ቀጥሎ መርሳ ያለው "ሊሸጥ ነው እንዴ የታሰበው? ማነው ይህን ያመጣው?" ብሎ ጻፈ። ጥርጣሬው ጀመረ። የሟቹ ልጆች የአባታቸውን ድርሻ ማንም እንዳይነካ ጻፉ። እኔ ጎረቤት ነኝ፣ የምፈልገው አሸንዳው እንዲነሳ ብቻ ነው ብል የሚሰማኝ ጠፋ። እውነቱን ለመናገር ሙሉ በሙሉ ሐቀኛም አልነበርኩም፤ የምፈልገው ዋጋችን እንዲመለስ ነበር።

ነገሩን ያረገበው ፓዊ ያለው ጋሼ ነው። ስልክ አይጽፍም፤ ልጁ ድምፁን ቀድቶ ላከልን። "ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይባላል" አለ፤ እኔም ሄደ በቃ አልኩ። "እኔ ግን ሰባ ደርሻለሁ። ሺህ ዓመት የለኝም። የእናቴ ቤት ሰው ላይ ሳይወድቅ ቢነሳ ምን አለበት? ድርሻችን እንደሆነ መሬቱ ላይ ነው።"

አልሸጡም፤ አልተካፈሉም። ግን ሁለት ነገር ተስማሙ። ያዘመመው ግድግዳ እንዲፈርስ፣ የቀረው ክፍል እንዲከደን፤ ለዚህም ለኮምቦልቻዋ እህት ውክልና እንዲሰጧት። ጅዳና አዲስ አበባ ያሉት ገንዘብ አዋጡ፤ እኛም የአሸንዳውን ቻልን። ሁለት የሠፈር ሽማግሌዎች ባሉበት፣ ይህን ሥራ መሥራት የማንንም ድርሻ እንደማይጨምርና እንደማይቀንስ ተጻፈ። ለዘጠኙ ከገንዘቡ ይልቅ ያስፈለጋቸው ይቺ ወረቀት ነበረች። የሚነካው ሰው እንደማይጠረጠር ሲታወቅ ሥራው በአራት ቀን አለቀ።

የኛ ቤትስ?

ገዢው አልጠበቀንም፤ ሌላ ቤት ገዛ። ለደላላው ደውዬ ጎረቤቱ እንደተጸዳ ነገርኩት። "በጣም ጥሩ" አለኝ። "በዚያውም ካርታውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።"

ካርታውን አወጣሁት። የአባቴ ስም ነው ያለው።

አባቴ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ግማሹ የእናቴ ነው፤ የሱ ግማሽ በሕጉ የኛ የሦስት ልጆቹ ነው። እኔ አዲስ አበባ፣ እህቴ ደሴ፣ ታናሽ ወንድሜ ከአገር የመውጣት ወረፋ ላይ። አንዳችንም የወራሽነት ማረጋገጫ አላወጣንም፤ እናታችን እያለች ስለ ውርስ ማውራት ነውር ስለመሰለን። ሰውዬው ሩቡን ባይቀንስልን ኖሮም መሸጥ አንችልም ነበር። የጎረቤቱን አጥር አሻግሬ ስቆጣ የከረምኩት እኔ፣ የዛሬ ሃያ ዓመት የሰው ልጅ አንገቱን አስግጎ "ይሄ የማን ነው?" የሚልበትን ቤት በገዛ እጄ እያዘጋጀሁ ነበር።

ባለፈው ወር ሦስታችንም ሐይቅ ተገናኘን። እናቴ ቡና አፈላች። ነገሩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ተንተባትቤ። እሷ ስኒ እያጠበች ቀና አላለችም።

"መቼ ትጠይቁኝ ይሆን ብዬ ነበር" አለች።

በማግስቱ ምስክር ይዘን ፍርድ ቤት ሄድን። ስንመለስ የጎረቤቱ ግቢ አረሙ ታጭዶ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ሐይቁ ድረስ የሚወርደው ሜዳ ይታይ ነበር። እናቴ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችና "እዚህ ጋ ዛፍ ነበረ፤ እትዬ ጥላው ሥር ትቀመጥ ነበር" አለች። ቤቱን እስካሁን አልሸጥነውም።